በቬስፓ ወደ ሞት ሸለቆ

ላስ ቬጋስ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ በረሃ መሃል እየኖረ በረሃ ሳያይ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ሥራው ከኤርፖርት ስትሪፕ፣ ከስትሪፕ ኤርፖርት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጦ ያድራል፤ ሰው ሲነሳ እሱ ይተኛል። ቱሪስቱ ከኋላ ሆኖ «ዴዝ ቫሊ ሄደህ ታውቃለህ? እንዴት ነው?» ሲለው «በጣም ያምራል፣ ሙቀቱ ነው እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ያየው ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ በስልኩ ነው። እኔ ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰጠሁ እግዜር ይወቀው፤ ጉርሻም አግኝቼበታለሁ።

በ2023 የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተሰባሰቡበትን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብለው ሰየሙልን። ደስ አለን፣ ጨፈርን። ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ቢነዳ ምን እንዳለ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። አይፈረድብንም። በረሃ ለኛ የሽርሽር ቦታ ሆኖ አያውቅም። ሰው በረሃ የሚገባው ሸፍቶ፣ ነግዶ፣ መንኖ ወይም ተሰዶ ነው። ልጅሽ ሊዝናና በረሃ ወረደ የተባለች እናት ጸበል ነው ይዛው የምትሄደው።

ዴዝ ቫሊ የመሄዱን ነገር የጠነሰሰችው ካዛንቺስ ያደገች ጓደኛችን ናት። ካዚኖ ውስጥ ካርድ ታድላለች። ልጅ ሳለች አባቷ በቬስፓ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር፤ ከፊት፣ በሁለት ክንዳቸው መሃል ቆማ፣ መሪውን የያዘችው እሷ እየመሰላት። አርባን ስታልፍ አረንጓዴ፣ 300 ሲሲ ቬስፓ ገዛች። ብዙም ሳትቆይ በሽታው ወደ እኛ ተዛመተ። እኔ ድሬዳዋ ስላደግሁ ነገሩ ባዕድ አልሆነብኝም፤ ያገለገለች 200 ሲሲ ስኩተር አገኘሁ። የድሬን መንገድ የሞላው ባጃጅ ለቬስፓ የሥጋ ዘመድ ነው። ፒያጆ ቬስፓን ጣሊያን ውስጥ በ1946 አወጣ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከእሷው ባለ ሦስት እግሯን አፔን ወለደ፤ የሕንዱ ባጃጅም ማምረት የጀመረው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው። ይህን ብነግራት ካዛንቺሷ «የኔን ቬስፓ ከባጃጅ ጋር አታዛምድብኝ!» ብላ ተቆጣች።

ሦስተኛው ጋሼ ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል። በደርግ ጊዜ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ኤንትሬ ፊያታቸውን ከነተሳቢው ይዘው ከኮምቦልቻ ቁልቁል፣ ሚሌን፣ ሰርዶን፣ ኤሊዳርን፣ ቡሬን አልፈው አሰብ ወደብ፤ ጭነው ደግሞ ሽቅብ። ወደቡ በፈረንጆቹ 1998 ጦርነት ከተዘጋብን ወዲህ ያንን መንገድ የሚያወራ ሰው እየተመናመነ ነው፤ ጋሼ ግን ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጡ ይመስል የእያንዳንዱን ኩርባ ጠባይ ይነግሩሃል። ቻይና ሠራሽ 150 ሲሲ በርካሽ ገዙና «ጎማ ተቀነሰልኝ እንጂ ሌላው ያው ነው» አሉ።

አራተኛው ትንሹ ነው፤ ስሙ ሌላ ነው፣ እኛ ግን እንዲያ ነው የምንለው። ገና ልጅ ሳለ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከሊቢያ በጀልባ ማልታ፣ ከማልታ አሜሪካ ተቀብላው የመጣ ነው። ስለ መንገዱ አያወራም፤ እኛም አንጠይቅም። እንሂድ ስንለው «በረሃ? ለምን?» አለ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ መልስ ፈልጎ ነበር። ማናችንም የሚረባ መልስ አልሰጠነውም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደውሎ «ውሃውን የምይዘው እኔ ከሆንኩ እመጣለሁ» አለኝ። የሞተር መንጃ ፈቃድ ስላልነበረው ከካዛንቺሷ ኋላ ሊቀመጥ ተስማማን።

የሄድነው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ የ2024 ፌብሩዋሪ መገባደጃ። ለታክሲ ነጂ ቅዳሜና እሁዱ ሰኞና ማክሰኞ ናቸው። ያ ሰኞ ደግሞ ነነዌ የገባበት ሆነ። ካዛንቺሷ ሌላውን ጾም እንደነገሩ ነው የምትይዘው፤ ነነዌን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። ጋሼ «ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን» አሉ። እሷ አሻፈረኝ አለች፤ ሐይቁ ይደርቅብኛል ብላ።

የሐይቁ ነገር እንዲህ ነው። ዴዝ ቫሊ፣ የሞት ሸለቆ፣ በሰሜን አሜሪካ ከሁሉ የሚዘቅጠው መሬት ነው፤ ባድዋተር የሚሉት የጨው ወለል ከባሕር ወለል 86 ሜትር ይወርዳል። በምድር ላይ ተለክቶ ያውቃል የሚባለው ከፍተኛው ሙቀት 56.7 ዲግሪ የተመዘገበው እዚያ ነው፤ በጁላይ 1913። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ተጠራቅሞ ከ50 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በኦገስት 2023 የሂላሪ ማዕበል ርዝራዥ በአንድ ቀን 56 ሚሊ ሜትር አወረደበት። መንገዱን ጎርፍ ወሰደው፣ ፓርኩ ሁለት ወር ያህል ተዘጋ፣ ጨው ሜዳው ላይ ሐይቅ ተኛ። ይደርቃል ሲባል በፌብሩዋሪ ሌላ ዝናብ ደረበበትና ሰው ታንኳ ተሸክሞ ይጎርፍ ጀመር።

ሲነጋ ወጣን። ፍሪዌይ ላይ በ150 ሲሲ መውጣት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ 160 ቁጥርን ያዝን። ከተማው እንዳለቀ ዳገት ነው። ማውንቴን ስፕሪንግስ የሚሉት በር ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፤ ከበላዩ ተራራው በረዶ ለብሷል። ጓንት አልፎ አጥንት የሚነካ ብርድ! ጋሼ ከቆዳ ጃኬታቸው ሥር ጋቢ ደርበው ነበርና ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጫፉ ከኋላ እየተውለበለበ፣ የቀኙን ጠርዝ ይዘው በሃምሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወጣሉ። አንድ ከባድ መኪና ከኋላቸው ደርሶ ጡሩምባ ነፋ። ጋሼ ዞር ሳይሉ እጃቸውን አውጥተው «እለፍ» አሉት፤ አለፈ፣ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አድርጎ አመሰገናቸው። ጫፉ ላይ ቆመን እጃችንን ሞተሩ ላይ ስናሞቅ «ጣርማ በር ማለት ናት፤ ዋሻ ብቻ ጎደላት» አሉ።

ፓራምፕ ላይ ቤንዚን ሞላን። ቀጥሎ ያለው ማደያ ሸለቆው ውስጥ ነው፣ ዋጋው ደግሞ አያድርስ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዝርግ ነው። መኪና ውስጥ ቢሆን እንቅልፍ የሚያመጣ ሜዳ ነው፤ ስኩተር ላይ ግን አይደለም። የክሪዮሶት ቁጥቋጦ ሽታ ከነእርጥበቱ ይመታሃል፣ ነፋሱ በስተግራ ሲዞር ትከሻህ ያውቀዋል፣ አስፋልቱ ሲጠገን የት ላይ እንደተለጠፈ ወገብህ ይነግርሃል። በዝግታ ስለምትሄድም ከፊት ያለው ተራራ አይመጣልህም፤ አንተ ነህ ዳዴ እያልክ የምትሄድለት። እንዲህ ያለውን አገር በትልቅ ሞተር ማለፍ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል፤ ይህን ስል የሚስቁብኝ ባለ ሃርሊዎች አሉ፣ ይሳቁ።

ዴዝ ቫሊ ጃንክሽን ልንደርስ ስንል የጋሼ ሞተር ማስነጠስ ጀመረ። መስቀለኛው መንገድ ላይ እንደደረስን ጠፋ። ያ ቦታ ከተማ አይባልም፤ አንድ ያረጀ ነጭ ሕንፃ አለ፣ የአማርጎሳ ኦፔራ ቤት። ማርታ ቤኬት የምትባል የኒውዮርክ ዳንሰኛ በ1967 ከባሏ ጋር ስታልፍ እዚህ ጎማ ተነፈሰባቸው። ጎማው እስኪጠገን የተዘጋውን አዳራሽ በቀዳዳ አይታ ወደደችው፤ ተከራይታ ቀረች። ተመልካች ባልመጣ ምሽት ባዶ ወንበር እንዳታይ ግድግዳው ላይ ተመልካቾችን በቀለም ሣለች፤ ንጉሥና ንግሥት፣ መነኮሳት፣ መኳንንት። ለእነሱም ቢሆን ስትደንስ ኖራ በ2017 አረፈች። ጋሼ አስፋልቱ ዳር ተንበርክከው ካንዴላ እየፈቱ ይህን ስነግራቸው ቀና ብለው «ለአንድ ጎማ ብላ ሃምሳ ዓመት? ጎሚስታ ጠፍቶ ነው?» አሉ። ካንዴላዋ ጥላሸት ለብሳለች። ከኪሳቸው የጥርስ ብሩሽ አውጥተው ፈተጓት፣ በጋቢው ጫፍ ጠረጓት፣ አፏን በጥፍራቸው ለክተው መለሷት። ሁለተኛው ላይ ተነሳች። የጥርስ ብሩሹን መልሰው ኪሳቸው ሲከቱ ካዛንቺሷ «ጋሼ፣ እሱ ሌላ ሥራም አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ አልመለሱላትም።

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ጋቢው ወለቀ፣ ቀጥሎ ጃኬቱ። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ሲሆን ጎልደን ካንየን አፍ ላይ አቁመን በእግር ገባን።

ገደሎቹ መጀመሪያ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት እጅህን ዘርግተህ የምትነካቸው የሚመስሉ ቢጫ ግድግዳዎች። ጥቂት ገባ ሲሉ እግርህ ሥር የተሰባበረ አስፋልት ታያለህ። ድሮ መኪና ይገባበት ነበር፤ በ1976 ጎርፍ መጥቶ መንገዱን ነቅሎት ሄደ፣ ፓርኩም አልመለሰውም። ጋሼ ቁራሹን በጫማቸው እየነኩ የውፍረቱን ነገር ተቹ። እኔ ግን ዓይኔ ከፊት ከሚሄዱት ሁለቱ ላይ ነበር። ፀሐዩ የፌብሩዋሪ ነው፣ ጨካኝ አይደለም፤ ዳገቱ ግን አለ፣ አየሩም ደረቅ ነው። ካዛንቺሷ ከንፈሯ ነጥቷል። ትንሹ ደግሞ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ርቆ ይከተላታል፤ የውሃውን ጠርሙስ ቦርሳ ውስጥ አልከተተውም፣ በእጁ ይዞታል። ስትቆም ይቆማል። ስትቀመጥ ይቀመጣል።

መጨረሻ ላይ ዞረችበት። «ተው እንጂ፣ ምን በጠርሙስ ትፈትነኛለህ? ጠጣና ቦርሳህ ውስጥ ክተተው!»

«አልፈትንሽም፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ስትጠጪ እጠጣለሁ።»

ያኔ ነው ያየሁት፤ የጠርሙሱ ክዳን አልተነካም። ከቬጋስ ጀምሮ አንድ ጉንጭ አልጠጣም ነበር። እሱ ጾመኛ አይደለም።

ቀይ ካቴድራል በሚሉት ገደል ሥር ጥላ አግኝተን ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካዛንቺሷ ተነስታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች፣ ጸለየች፣ እጇን ዘረጋች። ክዳኑን ከፍቶ ሰጣት። ዓይኑን ከጉሮሮዋ ሳይነቅል እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ የራሱን ከፈተና አሽትቶ ጠጣ። ማሽተቱን አየሁት። በሶ በጥብጠን ዳቦ ቆሎውን ስናዞር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ተናገረ። ከኡምዱርማን ሲነሱ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ላይ ሠላሳ ሰው ያህል ነበሩ። ዳር የደረሰው ሰው ጭነቱ ውስጥ ዱላ ይሰካና በእግሮቹ መሃል አቅፎት ይሄዳል፤ እንቅልፍ የወሰደው ይወድቃል፣ ለወደቀ ደግሞ መኪናው አይመለስም። ውሃው በቤንዚን ጄሪካን ነው። ደላሎቹ አውቀው ትንሽ ቤንዚን ይጨምሩበታል፣ ሰው እንዳይጠጣው። «ይሸታል፣ ግን ትጠጣዋለህ» አለ። «አንድ ልጅ አልጠጣም ብሎ ነበር።» ዳቦ ቆሎውን ወደ ጋሼ አሻገረ። ወሬው እዚያ ላይ አበቃ፤ ያ ልጅ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም።

ባድዋተር ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። የእግር ጫማ ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ እስከ ማዶው ተራራ ተነጥፏል፤ በረዶ የደፋው ቴሌስኮፕ ጫፍ፣ 3,368 ሜትር፣ ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ቆሟል። ከጀርባችን ገደሉ ላይ፣ ቀና ብለህ አንገትህ እስኪያምህ፣ «የባሕር ወለል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሰው ሁሉ ጫማ አውልቆ ይገባል፤ እኛም ሱሪ ሰብስበን ገባን። ከሥር ያለው ጨው ስለታም ነው፣ ተረከዝ ይቆርጣል። የባለ ታንኳዎቹን ትርኢት የተውኩት ብዙ ስለተወራበት ነው፤ የኔ ደስታ ጋሼ ነበሩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱ፣ እንደ ቡና ቀማሽ አፋቸው ውስጥ አዞሩትና ተፉት። «የአሰቡ ይበልጣል» አሉ። «ይሄኛው መጨረሻው ይመራል። አሰብ እኮ አገር ሙሉ ያበላ ጨው ነበር።» አፍዴራ አሰብን መተካቱን ባስታውሳቸው «እሱንም አልናቅነው» ብለው ታረቁ። ዳሎልን ስጠራላቸው ግን እጃቸውን አወናጨፉ። እዚህ ሰዎቹ የሚኩራሩት በ1913ቱ የአንድ ቀን ሙቀት ነው፤ ዳሎል በ1960ዎቹ ስትለካ የዓመቱ አማካይ ብቻውን 34.6 ዲግሪ ነበር፣ ሌሊቱም ክረምቱም ገብቶበት። «የአንድ ቀን ጀግና!» አሉ ጋሼ፣ ሸለቆውን በንቀት እያዩ።

ያደርነው ፈርነስ ክሪክ ነው፣ ድንኳን ተክለን። ጨረቃ ሞልታ ገና ሁለት ቀኗ ስለነበር ዘግይታ ወጣች፤ ከመውጣቷ በፊት በምሥራቅ በኩል ከተራራው ጀርባ የደበዘዘ ብርሃን ይታይ ነበር። ትንሹ «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የቬጋስ መብራት እንደሆነ ጋሼ ነገሩት፣ «ሥራ ነው፣ አትየው» ብለው።

ሐይቁ ለምን ማንሊ እንደተባለ ያወራሁላቸው ያን ማታ ነው። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የሚተሙ ሰዎች አቋራጭ እናገኛለን ብለው እዚህ ሸለቆ ውስጥ ገቡ። በሬዎቹ ከሱ፣ ስንቅ አለቀ፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው ቤተሰቦች አንዲት ምንጭ ዳር ተቀመጡ። ዊልያም ሉዊስ ማንሊና ጆን ሮጀርስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች እርዳታ ፍለጋ በእግራቸው ተላኩ፤ ሰው ያለበት ቦታ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዱ። የቀሩት ሰዎች መጠበቅ ሰልችቷቸው ግማሾቹ ተስፋ ቆርጠው በየፊናቸው ወጡ። ሁለቱ ወጣቶች ካሊፎርኒያ ደርሰዋል፤ ምግብ አለ፣ ሥራ አለ፣ ወርቅ አለ።

«እና?» አለ ትንሹ።

ስንቅ ጭነው፣ አንዲት በቅሎ ይዘው፣ ሃያ ስድስት ቀን ሲሆናቸው ተመለሱ። የጠበቋቸውን ሁሉ ይዘው ወጡ።

«ተመልሰው መጡ?»

«መጡ።»

«የተከፈላቸው ነበር?»

አልነበረም አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ በቅሎዋ ምን ቀለም እንደነበረች ጠየቀ፤ ታሪኩን ያነበብኩበት መጽሐፍ እሱን ጽፎ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ድንኳን ውስጥ ከገባን በኋላም ስለ ሁለቱ ሰዎች ይጠይቀኝ ነበር፤ ስንት ውሃ ይዘው ወጡ፣ ማታ ማታ የት አደሩ፣ አንደኛው ልመለስ ሌላኛው እንቅር ብለው አልተጣሉም ወይ። እኔ ይህን ታሪክ ያነበብኩት የጀግንነት ታሪክ አድርጌ ነው። እሱ የሚያነበው እንደ ሒሳብ ነበር፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም።

በነጋታው ሃርመኒ የሚባለውን የድሮ የቦራክስ ማጠቢያ አየን። ለሳሙናና ለመስታወት የሚሆነውን ቦራክስ ከጭቃው የሚጭሩት ቻይናውያን ሠራተኞች ነበሩ። ከ1883 ጀምሮ እዚህ ታጥቦ 265 ኪሎ ሜትር ርቆ ሞሃቬ ያለው ባቡር ጣቢያ ድረስ በአሥር ቀን ይጎተት ነበር። ሠረገላዎቹ አሁንም ቆመዋል፤ የኋላ ጎማቸው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አሥራ ስምንት በቅሎና ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ሠረገላ፣ ከእነሱ ኋላ የውሃ በርሜል። ጋሼ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ የፍሬኑን እንጨት ነካኩ፣ የማያያዣውን ብረት አንኳኩ። «ሁለት ተሳቢ፣ አንድ ቦቴ» አሉ በአክብሮት። ነጂው አንድ፣ ፍሬን የሚይዝና ምግብ የሚያበስል ረዳት ደግሞ አንድ ሰው እንደነበር ስተረጉምላቸው ዓይናቸው በራ። «ረዳትማ ከሌለ ምን መንገድ አለ! አሰብ ላይ እኔን ያኖረኝ ረዳቴ ነው፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ የሚቆነጥጠኝ፣ ውሃ የሚያቀብለኝ።» ትንሹን በዓይናቸው ፈለጉት። ካዛንቺሷ የሁለተኛ ቀን ጾሟን ይዛ ቬስፓዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ ጎኗ ቆሟል፣ ጠርሙሱ በእጁ።

የመልሱን መንገድ አልተርክም፤ ዳገት ነበር፣ ጀርባዬን አመመኝ፣ ደረስን። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ሐይቁን እንዳለ ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ገፋው፤ ውሃው ሳሳ፣ ፓርኩም ታንኳ ከለከለ። ካዛንቺሷ ዜናውን ለሁላችንም ላከችልን፣ «አላልኳችሁም?» ብላ።

ትንሹ የሞተር መንጃ ፈቃድ ላውጣ አለ። ጋሼ እኔ ነኝ የማስተምረው ብለው ማንንም አላስጠጉም። እሁድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ነው ልምምዱ። ኮን ስለሌላቸው የውሃ ጠርሙስ ደረደሩ፤ ባዶውን ነፋስ ይጥለዋልና ውሃ የሞላውን። ትንሹ በጋሼ ስኩተር በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሚዛኑ ጥሩ ነው። ችግሩ አንዱን ጠርሙስ የነካ እንደሆነ ነው። ሞተሩን አቁሞ ይወርዳል፣ ጠርሙሱን ያነሳል፣ ክዳኑን ያጠብቃል፣ ወደ ብርሃን አድርጎ ያፈስ እንደሆነ ያየዋል። ነጠላ የለበሱት እናቶች ቆመው ይመለከታሉ። ጋሼ ከወዲያ ጫፍ ሆነው በአሰብ መስመር ድምፃቸው ይጮሃሉ፤ «አንተ ረዳት! ጠርሙሱን ተወው አልኩህ፣ መንገድህን እይ! ፍሬን! ፍሬን!»